«ብሎን ወይስ ፕሌት?» ከማለታችሁ በፊት



ስለ ዳሌ መገጣጠሚያ ውልቃት ስጽፍ ሁሌ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ዶክተር፣ የትኛው ብረት ይሻላል?» የሚል ነው። እኔ ግን ጥያቄው ቦታውን የሳተ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ እንግባባ። የማወራው የጭን አጥንት ከጉድጓዱ ስለሚወጣበት ጉዳት አይደለም። ዳሌያችን እንደ ቀለበት የተያያዘ ነው። ከፊት፣ ከብልት ከፍ ብሎ፣ ሁለቱን የዳሌ አጥንቶች የሚያገናኝ አንድ መገጣጠሚያ አለ። ከኋላ ደግሞ ዳሌን ከአከርካሪ ግርጌ ጋር የሚያያይዙ ሁለት አሉ። ስንቆም ክብደታችን ወደ እግራችን የሚወርደው በእነዚህ በኋላዎቹ በኩል ነው።

አንዲት ወጣት እናት ባጃጅ ተገልብጦባት ዳሌዋ ከፊትም ከኋላም ተለያየ። መጀመሪያ የታከመችበት ቦታ ደሙን ለመቆጣጠር ከውጭ የሚታየውን ብረት አሰሩላትና ሪፈር ጻፉላት። አማቷ «ብረቱ ገብቶላት የለ እንዴ? ደግሞ ተቀድዳ መካን ልትሆን ነው?» አሉ። ቤት ወሰዷት። እኔ ዘንድ የመጣችው ከሁለት ወር በላይ ቆይታ ነው፤ አንድ እግሯ አጥሮ፣ ልጇን ማዘል አቅቷት።

እማማን አልፈርድባቸውም። ሪፈሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ «ይሄ ብረት ጊዜያዊ ነው» ብሎ በአማርኛ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይህ የእኛ የጠቅላላ ሐኪሞች ጥፋት ነው፣ ደጋግመን የምንሠራው።

የውጭው ብረት የሚይዘው በዋናነት የፊቱን ነው። በር መቀርቀሪያው ተዘግቶ ማጠፊያው ከተነቀለ ይቆማል? የፊቱ መገጣጠሚያ በግምት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ በፕሌት ይታሰራል። የኋላው ደግሞ በራጅ እየታየ ከጎን በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ረጅም ብሎን፣ አንዳንዴም ተከፍቶ በፕሌት ይያዛል። ብሎኑ የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ነው፣ አጠገቡ ወደ እግር የሚወርዱ ነርቮች አሉ። ስለዚህ ምርጫው በጉዳቱ ዓይነት፣ በመሣሪያውና በሐኪሙ ልምድ ይወሰናል። መገጣጠሚያው ወደ ቦታው ሳይመለስ የታሰረ እንደሆነ ግን ምርጡ ብረትም ጠማማውን አጽንቶ ከመያዝ አያልፍም።

ጊዜውም ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በትንሽ ቀዳዳ የሚያልቀው ሥራ ሦስት ሳምንት ካለፈው ጠባሳው ስለሚይዘው ሰፊ ቀዶ ጥገና፣ ብዙ ደምና ለነርቭ የበለጠ አደጋ ይሆናል።

ስለ መውለድ፦ ብረት የገባላት ሴት ማርገዝም መውለድም ትችላለች። በምጥ የወለዱ አሉ፣ በኦፕሬሽን የሚወልዱት ግን በርከት ይላሉ። ከማህፀን ሐኪሟ ጋር ትወስናለች። ፕሌቱ ከጊዜ በኋላ ቢላላ ወይም ቢሰበርም፣ ካላመማት ብዙ ጊዜ ማውጣት አያስፈልግም።

አደጋ የደረሰበት ሰው ዳሌዬን ካለ ነጠላ ወይም አንሶላ አጥፋችሁ እሰሩለት፤ ወገቡ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብላችሁ፣ የጭኑ አጥንት በጎን ጎልቶ በሚዳሰስበት ቦታ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ። ጉልበቶቹንም አንድ ላይ። አታስቀምጡት፣ አታገላብጡት፣ እግሩን አትጎትቱ። ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ወጌሻን ለመናቅ አይደለም፣ ይሄ ግን የሚታሽ ቦታ አይደለም።

ሆስፒታል ስትደርሱ የብረቱን ዓይነት ለአጥንት ሐኪሙ ተዉለት። እናንተ እነዚህን ጠይቁ፦ «የኋላው መገጣጠሚያ በሲቲ ስካን ታይቷል? ይሄ የታሰረው ብረት ጊዜያዊ ነው ወይስ የመጨረሻው? ቀጣዩ የሚሠራው የትና በስንት ቀን ውስጥ ነው?»