ተቋራጩ የሚፈራው ዳኛ

በካሊፎርኒያ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ፣ ቤት አሠርቶ የተበደለ ሰው ምክር በጠየቀ ጊዜ፣ በቡና ላይም ሆነ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «በየቢሮው ከምትንከራተት ጠበቃ ይዘህ ፍርድ ቤት ግባ» የሚል። ይህን ምክር የወለደው ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው እምነት ነው፤ ይኸውም ርቱዕ ፍርድ ካባ ከለበሰ ዳኛ አፍ ብቻ ይወጣል፣ መሥሪያ ቤት ግን ማመልከቻ ተቀብሎ «ነገ ተመለስ» ከማለት በቀር ሥልጣን የለውም የሚለው ነው። ስለ መታወቂያና ስለ ግብር ሲነገር ይህ እምነት ምክንያት አያጣም፤ ስለ ሕንጻ ተቋራጭ ሲነገር ግን ፍጹም ስሕተት ነው።

አንዲት የኦክላንድ እናት የፎቁን መታጠቢያ ቤት ለማደስ ፈቃድ ካለው ተቋራጭ ጋር በ30,000 ዶላር ተዋዋሉ እንበል። የካሊፎርኒያ ሕግ ለቤት እድሳት የሚከፈለውን ቀብድ ከዋጋው 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ስለዚህ በዚህ ውል ሊጠየቁ የሚገባው 1,000 ዶላር ብቻ ነበር። ሰውየው ግን «ለዕቃ መግዣ» ብሎ 9,000 ጠየቀ፤ እርሳቸውም በቼክ ከፈሉ። ከዚያ የድሮውን ሴራሚክ አፈራረሰ፣ ከሻወሩ ወለል በታች የሚነጠፈውን ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ወደ ግድግዳው ሳያጥፍ ዳር ዳሩን ቆርጦ ተወው፣ በላዩም አዲሱን ሴራሚክ አሳምሮ ደረደረበት። ወራት ሳይቆጠሩ በታችኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ ቢጫ ክብ ወጣ፤ ቀጥሎም ውኃው በምግብ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ የተቋራጩም ስልክ አይነሣም።

እንደ ተመከሩት ፍርድ ቤት ይሂዱ። ጉዳታቸው ከ12,500 ዶላር ካልበለጠ ያለ ጠበቃ በአነስተኛ ክሶች ችሎት ይቆማሉ፤ ከበለጠ ግን የጠበቃው ዋጋ ከኮርኒሱ ዋጋ ጋር መሽቀዳደም ይጀምራል። ረቱ እንበል። የፍርዱን ገንዘብ ከሰውየው እጅ የማውጣቱ ድካም የራሳቸው ነው፤ መኪናው በሚስቱ ስም፣ የባንክ ሒሳቡም ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ በእጃቸው የሚቀረው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሕይወት የሚዘራበት ተቋራጩ ሳይከፍል መቅረቱ ለፈቃድ ሰጪው ቦርድ ሲነገርና ቦርዱም ፈቃዱን ሲያግድበት ነው። እንግዲህ ያ የተናቀው ቢሮ ባይኖር ካባ የለበሰው ዳኛ ራሱ ጥርስ አይኖረውም ነበር፤ ይህን ደግሞ መካሪዎቻችን ሲናገሩት ሰምቼ አላውቅም።

በቀጥታ ለቦርዱ ቢያመለክቱስ? እ.ኤ.አ. በ1929 የተቋቋመው የተቋራጮች የፈቃድ ቦርድ አቤቱታውን ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ አስቀድሞ ለማስታረቅ ይሞክራል፤ ዕርቁ ካልሠመረ መርማሪ ይመድባል፣ ሙያ ዐዋቂም ልኮ ሥራውን ያስመረምራል። ጥፋቱ ከባድ ሆኖ ሲገኝ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጠበቃ ክሱን ይዞ ይቆማል፤ ተከሳሹም ክሱ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ መከላከያውን ካላሳወቀ በሌለበት ሊወሰንበት ይችላል። ካሳወቀም ነገሩ የሚሰማው እ.ኤ.አ. በ1945 በቆመው የአስተዳደር ችሎት ቢሮ፣ የቦርዱ ሠራተኛ ባልሆነ ዳኛ ፊት፣ በመሐላ ነው። እኒያ እናት በዚህ ችሎት ምስክር እንጂ ከሳሽ አይደሉምና ለጠበቃ አንዲት ሳንቲም አያወጡም፤ እንዲያውም የምርመራው ወጪ በጥፋተኛው ላይ ሊጣል ይችላል። የሐኪምን ፈቃድ ለመንጠቅ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለተቋራጭ ግን የማስረጃ ብልጫ ይበቃል። ያች የ9,000 ዶላር ቼክም በፍርድ ቤት ከሒሳቡ መካከል አንዷ መስመር ብትሆን፣ እዚህ ግን ራሷን የቻለች ጥፋት ናት፤ ሰውየው ስለ ንጣፉ ምንም ቢከራከር ስለ ቼኩ የሚመልሰው የለውም።

የቅጣቱም ክብደት እዚህ ላይ ይገለጣል። ፈቃዱ የተሰረዘበት ሰው ቢያንስ 1 ዓመት፣ ቢበዛ 5 ዓመት ሌላ ፈቃድ አያገኝም፤ ጊዜው ሲፈጸምም ያደረሰውን ኪሣራ መካሱን ማሳየት አለበት፤ ልክ የነፍስ አባት የባልንጀራውን ገንዘብ የወሰደውን ሰው ገንዘቡን ሳይመልስ እንደማይፈቱት። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ዋጋው 1,000 ዶላር የደረሰ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ክልክል ነው፤ ያለ ፈቃድ የሠራም ደመወዙን በክስ ሊጠይቅ አይችልም፤ የተቀበለውን እንኳ እንዲመልስ ሊፈረድበት ይችላል። ተቋራጩ ለፈቃዱ የሚያስይዘውን የ25,000 ዶላር ዋስትና የሚጠቅሱልን አሉ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለአንድ ተበዳይ ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ ጠያቂው ሲበዛ ለሁሉ ይከፋፈላል።

«ቦርዱ ከሳሽም ፈራጅም ነው» የሚለው ተቃውሞ ሲሰሙት ያስፈራል፤ ሲመረምሩት ግን ይቀልላል። የመጨረሻው ቃል የቦርዱ ሹም መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነገሩን ሰምቶ የውሳኔውን ሐሳብ የሚያቀርብለት ያው የውጭ ዳኛ ነው፤ ቅር የተሰኘውም ተቋራጭ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። «ይዘገያል» ለሚሉትም ጥያቄ አለኝ፤ ፍርድ ቤቱ ከመቼ ወዲህ ፈጠነ?

በካሊፎርኒያ የተሰወረ የመዋቅር ጉድለት እስከ 10 ዓመት አቤት ይባልበታል። የእኛም የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ3039ኛው አንቀጽ ተቋራጩን ስለ ሥራው ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ይህንንም ዘመን የሚያሳጥር ውል ዋጋ እንዳይኖረው አድርጓል። የሕጋችን ቃል ከካሊፎርኒያው አያንስም። የአገራችን የፌዴራል መሥሪያ ቤትም የአስተዳደር ውሳኔ ሲሰጥ ባለጉዳዩን ሰምቶ፣ ምክንያቱንም ገልጾ እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደንግጓል። ስለዚህ በአገራችን የጎደለው ሕግ ሳይሆን እንዲህ ያለ ችሎት ነው። ማንኛውም የሕንጻ ጉድለት ክርክር ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት የተቋራጩን ደረጃ በሚሰጠውና ፈቃዱን በሚያድሰው ክፍል ችሎት ሊሰማ ይገባል፤ ያልተካሰ አቤቱታ በስሙ ተመዝግቦ ሳለም የማንም ተቋራጭ ፈቃድ መታደስ የለበትም።