ውሻው ይጣል ወይስ ይታከም?

በጅቡቲ ከተማ የሚኖሩ አንዲት የወታደር ባለቤት ለቤተሰብ ዓምዳችን በላኩት ደብዳቤ፣ ግቢያቸውን ለዓመታት በታማኝነት የጠበቀው ውሻ ሌትና ቀን ሰውነቱን እያከከ መቁሰሉን፣ የትንሹ ልጃቸውም ክንድ ማሳከክ መጀመሩን፣ ባለቤታቸውም ውሻውን ከከተማ ውጭ ሊጥሉት መቁረጣቸውን ገልጸውልናል። እኛም ከፍርድ በፊት ምርመራ ይቅደም እንላለን።

ማሳከክ የሕመም ምልክት እንጂ ራሱ ሕመሙ አይደለም። የሚታከከው ቦታ መነሻውን ይጠቁማል። ውሻው ወገቡንና የጭራውን ሥር የሚያክ ከሆነ ቁንጫ ይጠረጠራል፤ የቁንጫ ምራቅ አለርጂ ላለበት ውሻ ጥቂት ንክሻ ይበቃዋል። የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ተመልጦ ቅርፊት ከያዘ እከክ ሊሆን ይችላል። ይህ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ሆኖም የውሻ እከክ በሰው ቆዳ ላይ ስለማይራባ፣ ውሻው ሲታከም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ልጁም ለሐኪም ይታይ። መዳፉን የሚልስ፣ ፊቱንና ሆዱን የሚያክ ውሻ ግን የአቧራ ወይም የምግብ አለርጂ ሊኖርበት ይችላል።

ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበትና ካምሲን የተባለው ነፋስ አቧራ በሚያነሣበት ወቅት፣ ቆዳው ይበልጥ ይቆጣል። ውሻውን በባሕር ያጠበ ሰው ጨው በሌለው ውሃ ያለቅልቀው፤ ጨው ቆዳን ያደርቃልና። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ፈጽሞ አይገባም፤ ውሻው ሲልሰው ይመረዛል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ስለሚገድል፣ ድመት ባለበት ቤት ጥንቃቄ ይደረግ።

ምግቡ ከተጠረጠረ፣ ከዚህ ቀደም ቀምሶት የማያውቅ ከሆነ የግመል ሥጋ ከሩዝ ጋር ብቻ ለ8 ሳምንት ይሰጠው፤ ከማዕድ የሚወረወር ፍርፋሪ ሁሉ ይቁም። ማሳከኩ ቀንሶ የቀድሞው ምግብ ሲመለስለት ከተመለሰ፣ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

ለቁንጫ፣ ለመዥገርና ለእከክ ዛሬ በአፍ የሚሰጡ፣ ለሳምንታት የሚሠሩ ክኒኖች አሉ፤ መጠኑን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ነው። መኝታው በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ፣ ወለሉም በየጊዜው ይጠረግ።

ለቤቱ አባወራም አንድ ቃል አለን። ውሻው ቢጣል እንኳ የቁንጫው እንቁላል በምንጣፉ ውስጥ ይቀራል። ዘበኛዎ ይሄዳል፣ ማሳከኩ ግን ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል።