«መጽሐፉን ሳላነበው ‹ጨረስኩት› አልኩት፤ መስቀል ደረሰ!»

ባለፈው ሰሞን የወልቂጤዋን እህታችንን ደብዳቤ አስነብበን «እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብለናችሁ ነበር። ላልደረሳችሁ ባጭሩ እንድገመው።

ልጅቷ 21 ዓመቷ ነው። ጓደኛዋ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ይሠራል። አምና ለመስቀል ሲመጣ ሽቶ ወይም ሻርፕ ስትጠብቅ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። የእንግሊዛዊው የቻርልስ ዲከንስ «የሁለት ከተሞች ወግ» ነው፤ ወደ አማርኛ የተመለሰው። «አንብቢውና እናወራበታለን» አላት። እሷ ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ማለፍ አቃታት። በስልክ በጠየቃት ቁጥር «እያነበብኩት ነው» ስትል ከረመችና አንድ ቀን ሲሰለቻት «ጨረስኩት፣ በጣም ደስ ይላል!» ብላ ተገላገለች። ተገላገለች ነው የምላችሁ… መስቀል መጣና እሱ «ስለ መጨረሻው ቁጭ ብለን እናወራለን» አላት። «ምን ይሻለኛል? ማንበብ የማትችል ደንቆሮ ናት ብሎ እንዳይንቀኝ ፈራሁ» ትላለች።

ከመጡት መልሶች ውስጥ እኛን የገረመን የቡታጅራዎቹ ነው። አራት ጓደኛሞች ናቸው። አንዲት ቅጂ ከሰው ተውሰው፣ መጀመሪያውን በየተራ አንብበው፣ የተሰማቸውን በአንድ ወረቀት ጽፈው ላኩልን። ይበል ነው!

አንደኛው፣ «ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ትንፋሽ አጠረኝ፤ አራት ነጥቡ የት ነው ያለው?» ይላል። እውነቱን ነው። ዲከንስ ደጉንና ክፉውን ዘመን፣ ብርሃኑንና ጨለማውን ጎን ለጎን እየደረደረ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል። ሁለተኛዋ፣ «ስለ እንግሊዝና ስለ ፈረንሳይ ነገሥታት ነው የሚያወራው። ባለ ታሪኩ ማነው? ፍቅሩስ የታለ?» ትላለች። አራተኛው ጉደኛ ነው፤ ቸኩሎ መጨረሻውን አንብቦ አረፈው። (ወንድሜ፣ ያነበብከውን ለሦስቱ እንዳትነግራቸው አደራ!)

ሦስተኛዋ ግን «እኔ የነቃሁት ጭቃው ላይ ስደርስ ነው» ብላ ጻፈች። እኛም ከሷ ጋር ነን። እህቴ የወልቂጤዋ፣ አንቺ ያቆምሽው እኮ በሩ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ምዕራፍ አጭር ናት፤ ከታሪኩ ሰዎች አንድም የለባትም። ዘመኑ 1775 መሆኑን ነግራሽ ታልፋለች። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ሌሊት ነው፣ ጉም ነው፣ ጭቃ ነው። ከለንደን ወደ ዶቨር የሚሄደው የፖስታ ሠረገላ ዳገት አቅቶት ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ሌባ በበዛበት መንገድ አንዱ ሌላውን አያምንም፤ ጠባቂው መሣሪያውን ደግኗል። ድንገት ከኋላ የፈረስ ኮቴ ይሰማል! ከተሳፋሪዎቹ ለአንዱ፣ ለባንክ ሠራተኛው ሽማግሌ፣ መልእክት መጥቷል። እሱ የሚመልሰው መልስ ደግሞ መልእክተኛውንም ግራ ያጋባል። ነገሩ 18 ዓመት እስር ቤት ተቀብሮ ስለኖረ ሰው ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ማሠራት ከመጀመራቸው በፊት የነበረውን ጉዞ የሚያስታውስ አዛውንት ቤትሽ ካለ፣ ይቺን ምዕራፍ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ከአንቺ በላይ ይገባዋል።

ደሞ ፍጥነቱም አለ። ዲከንስ ይህን ልቦለድ መጀመሪያ ያወጣው በየሳምንቱ እየቆረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ከሚያዝያ እስከ ኅዳር፣ እሱ ራሱ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ። የዚያን ጊዜ አንባቢ ጥቂት ገጽ አንብቦ ሳምንት ሙሉ ሲያወራበት ይከርማል። አንቺ ሙሉውን ክምር ባንድ ማታ ልትወጪው ብለሽ ነው የደከመሽ። የራሳችንስ ቢሆን? በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን መች ቶሎ ያገናኛል? መጀመሪያ የበዛብህ እናትና አባት አሉ። ስንቱ ነው መጽሐፉ ከብዶት ሲያበቃ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ጊዜ ጆሮውን ተክሎ ያዳመጠው!

ተርጓሚው ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም ለአንቺ ባዕድ አይደሉም፤ የጉራጌ ልጅ ናቸው። በቸሃ ቋንቋ የጻፉት «የሺነጋ መንደር» እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ታትሞላቸዋል። ልጁ ይህን መጽሐፍ የመረጠው በዚህ ምክንያት ይሆን? ጠይቂው።

አሁን ወደ ውሸቷ እንምጣ። ከመስቀል በፊት ደውይለት። «ጨረስኩት ያልኩህ ውሸቴን ነው፤ ያቆምኩት እዚህ ገጽ ላይ ነው፣ ያቆምኩትም በዚህ ምክንያት ነው» በይው። ከሌላ ሰው ታሪኩን ሰምተሽ ለመሸፋፈን እንዳትሞክሪ፤ በሁለተኛው ጥያቄ ትያዣለሽ፤ ያኔ የሚናቀው አለማንበብሽ አይሆንም። መጀመሪያው አሰልቺ ሆኖብኝ ነበር ማለትም ነውር የለበትም። የቡታጅራዎቹ ያሉትን አላየሽም?

ለአንተም ለመርካቶው ወንድማችን፣ ይቺን ጋዜጣ ካየሃት አንድ ነገር እንበልህ። በስልክ በየጊዜው «የት ደረሽ?» እያልክ ስጦታውን ፈተና አድርገህባታል። ስትመጣ ክትፎው እስኪደርስ ድረስ ሁለተኛውን ምዕራፍ አንተ ራስህ አንብብላት። መጨረሻውን ለሚቀጥለው መስቀል አቆየው።

የቡታጅራዎቹ መጽሐፉን ለባለቤቱ ከመመለሳችሁ በፊት አሥር ምዕራፍ ስትደርሱ ጻፉልን። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ የወይን ጠጅ በርሜል መንገድ ላይ ተሰብሮ የተራበው ሕዝብ የሚሻማበት ቦታ አለ፤ እሱን እንዴት እንዳያችሁት መስማት እንፈልጋለን።