የጾም ነው የፍስክ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው የአባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ርሃቡም ድካሙም አንድ ላይ ይሰማዋል። መኪናው ይቆማል፤ ሰው ይወርዳል፤ እጁን ይታጠባል። ገና ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ አስተናጋጇ ከተፍ ትልና "የጾም ነው የፍስክ?" ትለዋለች። ይህን ጥያቄ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከመልመዴ የተነሣ ምን ያህል ሸክም እንደሚያቀልልኝ አስቤው አላውቅም ነበር። የገባኝ ባለፈው ዓመት ከእናቴ ጋር አሜሪካ ሄጄ፣ አንድ አውራ ጎዳና ዳር ካለ በርገር ቤት ወረፋ ይዘን ስንቆም ነው።

ወንድሜ የሚኖረው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ነው። ዋሽንግተን ድረስ መጥቶ ተቀበለንና በመኪናው ይዞን ጉዞ ጀመርን። ፔንሲልቬንያ ውስጥ መንገደኛ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆምን። ነዳጅ አለ፣ መጸዳጃ አለ፣ የሚበላ የሚሸጡት ግን ስማቸውን ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የአሜሪካ ምግብ ቤቶች ብቻ ናቸው። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ጾሙ ሁዳዴ። እናቴ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አትቀምስም፤ ዘጠኝም አልፎ ነበር።

"እማዬ፣ ድንች አለ። ድንች ደግሞ የጾም ነው" አላት ወንድሜ።

"በምን ነው የሚጠብሱት?"

"በዘይት ነዋ።"

"የምን ዘይት? እስቲ ጠይቃቸው።"

ወንድሜ ወደ ኋላ ዞሮ ወረፋውን አየ። ስምንት ሰው ያህል ቆሟል። "እማዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይጠየቅም፤ ሰው ይጠብቃል" አላት በሹክሹክታ።

"ምነው ልጄ፣ አፍ የለህም?" አለችው፤ እሷ ግን አላንሾካሾከችም።

ጠየቀ። ገንዘብ ተቀባዩ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። አልሳቀም፣ ፊቱንም አላጨፈገገም። "አንድ ጊዜ" ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰ። ዘይቱ የአትክልት ነው፤ ዶሮውም የሚጠበሰው ግን እዚያው ዘይት ውስጥ ነው። ከወረፋው ያጉረመረመ አንድም ሰው አልነበረም። እናቴ "እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ" አለችና ወጥታ ተቀመጠች። ከነጠላዋ ሥር ከያዘችው ቦርሳ በጨርቅ የተቋጠረ በሶዋን አወጣች። ልጁ በሰጣት የወረቀት ኩባያ ውሃ ቀድታ፣ በሶውን በትንሽ በትንሹ እየነሰነሰች በፕላስቲክ ማንኪያ በጠበጠችው። የቋጠረችው ገብስ የጮቄ ገብስ ነው። ወንድሜ ግን በእጁ የያዘውን ድንች ትቶ አንገቱን ደፋ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ አገር ኖሯል። አሥራ አንድ ሁዳዴ ሙሉ የጾም ነው እያለ ይህንኑ ድንች ሲበላ ከርሞ፣ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

የወንድሜ ችግር የሃይማኖት ማነስ አይደለም። ከቤቱ ሽሮና በርበሬ አይጠፋም፤ በዓል ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ አንድ ሰዓት ይነዳል። ችግሩ መጠየቅ አለመልመዱ ነው። አገራችን ላይ ጾመኛ መጠየቅ አይጠበቅበትም፣ እሱ ይጠየቃል። ምግብ ቤቱ ረቡዕንና ዓርብን ያውቃል፤ በየዓይነቱ ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር ቺፕስ የሚጠብሱት ልጆችም ዘይቱን ከፊትህ ነው የሚቀዱት፤ ጀሪካኑን ታየዋለህ። ከዚህ ወጥቶ ጾምን የማያውቅ አገር የገባ ሰው መጠየቂያ ቃል የለውም። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። ሰው አስቸገረ እንዳይባል የተሰጠውን ይበላል፣ አለዚያም ተርቦ ይውላል።

አንድ ሙስሊም ወዳጄ በሥራ ምክንያት ብዙ አገር ይዞራል። የትም ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሐላል ነው?" ብሎ ነው። አያፍርም። ካልሆነ አመስግኖ ይወጣል። ይህንን ከእሱ እንማር እላለሁ።

ኩባንያዎቹ በጠየቃቸው ሰው ልክ ሲለወጡ የኖሩ ናቸው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያው ወንድሜ ባለበት ኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ ሉ ግሮን የሚባል ሰው መክዶናልድስ ከፍቶ ነበር። የሰፈሩ ሰው አብዛኛው ካቶሊክ ስለነበር ዓርብ ሥጋ አይበላም፤ የግሮንም ገበያ ዓርብ ዓርብ ይሞታል። ግሮን ዓሣ በዳቦ አድርጎ ለመሸጥ ፈቃድ ጠየቀ። የኩባንያው አለቃ ሬይ ክሮክ ግን ልቡ ያለው ሌላ ሐሳብ ላይ ነበር፤ በዳቦ መሀል አናናስና አይብ። እ.ኤ.አ. በ1962 በአንድ የጾም ዓርብ ሁለቱም ለገበያ ቀረቡ። ዓሣው 350፣ አናናሱ 6 ተሸጠ ይባላል። ዛሬ በብዙ አገር የሚሸጠው ያ የዓሣ ሳንድዊች ጾመኞች ያመጡት ነው። ለእኛ አይሆንም፤ አይብ አለበት፣ ማባያውም እንቁላል አለበት፤ ዓሣ ራሱ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም በእኛ ዘንድ አልተቋጨም። ቢሆንም አንድ ሰፈር ጾሙን አጥብቆ ስለያዘ ያን የሚያህል ኩባንያ ማዕዱን ቀየረ።

ሂንዱዎችም እንዲሁ አድርገዋል። መክዶናልድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕንድ ሲገባ የበሬ ሥጋ ሳይዝ ነው የገባው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ድንች ይጠብስበት የነበረውን የበሬ ሞራ እ.ኤ.አ. በ1990 በአትክልት ዘይት ቢተካም፣ ድንቹ ከበሬ የተገኘ ማጣፈጫ እንዳለበት ሲታወቅ ሂንዱዎችና ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ክሱም ይቅርታውም የመጣው "በምን ነው የሚጠበሰው?" ብሎ ከመጠየቅ ነው። የእናቴ ጥያቄ ይኸው ነው።

ወደነዚህ ቤቶች አትግቡ እያልኩ አይደለም። መንገድ ያደከመው ሰው ሥዕሉን በጣቱ አሳይቶ፣ ዋጋውን ሰሌዳው ላይ አንብቦ፣ ቋንቋ ሳይችል የሚበላበት ቦታ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ፒዛ ሃት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ገብቷል፤ ነገ ሌሎቹም ይመጡ ይሆናል። አይብ የሌለውን የጾም ፒዛ የፈጠረው የአገራችን ጾመኛ ነው፤ ብዙ ሆኖ፣ በየሳምንቱ እየመጣ፣ ያለ አይብ እያለ ስላዘዘ። ውጭ አገር በቁጥር ጥቂት ነን። ጥቂት የሆነ ሰው ደግሞ ይበልጥ አፉን መክፈት አለበት። እኛ ካልጠየቅን የረቡዕና የዓርብ ጾመኛ መኖሩን ማንም ሊያውቅልን አይችልም።

ኮሎምበስ እንደደረስን ወንድሜ በትንሽ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈላት። ሥጋ፣ ዶሮ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል እንደማትበላ፣ እነሱ በተጠበሱበት ዘይት የተጠበሰም እንደማትበላ፣ እግረ መንገዱንም ለትሕትናቸው እንደምታመሰግን። በቆየንበት አንድ ወር ተኩል ወረቀቷ ሦስት ቦታ ተነበበች። በሁለቱ ድንቹ አይሆንም ተባለች፤ በአንዱ አስተናጋጇ በሌላ መጥበሻ ለብቻው ጠብሳ አመጣችላት።

ከተመለስን በኋላ እናቴ ወረቀቷን ከመቀነቷ ፈትታ አወጣችና ገልብጥልኝ አለችኝ። ጎረቤታችን አራስ ልጇን ልትጠይቅ በሚቀጥለው ወር ሲያትል ልትሄድ ነው።