የ40 ሰዓት ንባብና የስድስት ቀን ዝምታ

ሐኪም በሳንባ ምች የታመመውን ሰው አክታ ወደ ላቦራቶሪ ሲልክ «ነቀርሳ ነውን? ኢንፍሉዌንዛ ነውን?» ብሎ የጠረጠረውን ይጠይቃል፤ ላልጠረጠረው ግን መልስ አያገኝም። የዘር ፊደል ንባብ የሚለየው በዚህ ነው። ከሳንባ በታጠበው ፈሳሽ ውስጥ ያለው የዘር ቅንጣት ሁሉ፥ የሕመምተኛው የራሱም ጭምር፥ ሳይመረጥ ይነበባል፤ ከዚያም በኮምፒዩተር ቀድሞ ከታወቁት ጋራ እየተነጻጸረ የማን እንደ ሆነ ይለያል።

በ2012 ዓ.ም. ምክንያቱ ያልታወቀ የሳንባ ምች በቻይና በውሃን ከተማ በተነሣ ጊዜ፥ የአንድ ሕመምተኛ የሳንባ እጥበት ፈሳሽ ታኅሣሥ 24 ቀን በሻንግሃይ ወደ ፕሮፌሰር ዣንግ ዮንግዠን ላቦራቶሪ ደረሰ። መሣሪያው ከ56 ሚሊዮን በላይ ቁርጥራጮችን አነበበ፤ እነዚህም ሲገጣጠሙ 30,000 ያህል ፊደላት ያሉት አዲስ የኮሮና ቫይረስ ተገኘ። ሥራው 40 ሰዓት ያህል ፈጅቶ ታኅሣሥ 26 ቀን አለቀ። ሌሎች የቻይና ላቦራቶሪዎችም አስቀድመው አንብበውት ነበር።

ዓለም ግን ያየው ጥር 2 ቀን ነው። ያለ ፈቃድ ማንም እንዳያትም ከበላይ ታዝዞ እንደ ነበር በኋላ ተዘግቧል። በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ በሲድኒ በሚገኘው ባልደረባቸው በኤድዋርድ ሆልምስ በኩል ፊደላቱን ይፋ አደረጉ፤ በማግሥቱም ላቦራቶሪያቸው «ለማስተካከያ» ተብሎ እንዲዘጋ ታዘዘ።

ገና ከትምህርት ገበታ ተነሥተን ወደ ማኅተምና ወደ ፋይል የተጠጋን ወጣቶች፥ የከለከለውን ባለሥልጣን ለመውቀስ ብንቸኩል አያስደንቅም። ነገር ግን እርሱም ምክንያት አያጣም። በጉሮሮና በአፍ ውስጥ ጉዳት ሳያደርሱ የሚኖሩ ተሕዋስያን ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ስሙ የተነበበ ሁሉ በሽታውን ያመጣ ነው ማለት አይቻልም። ያልተጣራ ወሬም ሕዝብን ያሸብራል። ይህን ሁሉ እንቀበላለን። ይሁን እንጂ ፊደላቱን ማውጣት ፍርድ መስጠት አይደለም፤ ማስረጃውን ሌሎች እንዲመረምሩት ማቅረብ ነው። ጥንቃቄ ያስፈልግ የነበረው በመግለጫው ቃል ላይ እንጂ በፊደላቱ ላይ አልነበረም ብለን እናምናለን።

የስድስቱ ቀን ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ከተከታዩ ነገር መገመት ይቻላል። ፊደላቱ በወጡ በሁለተኛው ቀን፥ ጥር 4፥ በበርሊን ሊቃውንት የተዘጋጀ የመመርመሪያ ዘዴ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ለየአገሩ ተሰራጨ። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር፥ ምርመራው የተመሠረተው በነዚሁ ፊደላት ላይ ነበር።