«ተከራይቷል» ሲሉን

በ2012 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ቂርያት ማላኪ ላይ የሆነውን አልረሳነውም። የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚለው ዜና በቴሌቪዥን ሲወጣ፣ ከየከተማው ተሰብስበን ሰልፍ ወጣን። ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደን ክኔሴት ፊት ጮኽን። ያኔ የጠየቅነው መዋኛ ያለው ቤት አልነበረም፣ አንገት ማስገቢያ ነው።

ዛሬ ልጆቻችን ያቭኔ ወይም ገዴራ፣ ገንዳ ያለው ሕንፃ ውስጥ እንከራይ ሲሉ፣ «ምን ያደርግላችኋል? እዚሁ ከእኛ ጋ ሁኑ» የምንለው እኛው ነን። ይሄ ምክር አይደለም! ያኔ በር የዘጉብንን ሰዎች ሥራ እኛ ልንጨርስላቸው ነው እንዴ? ልጁ ደውሎ ስሙን ሲናገር «ተከራይቷል» ቢሉት፣ ማስታወቂያው ግን ሳምንቱን ሙሉ ቢቆይ፣ «ተወው ልጄ» አንበል። ማስታወቂያውን ፎቶ ያንሳ፣ የደወለበትን ሰዓት ይጻፍ፣ ሌላ ስም ያለው ጓደኛው ይደውል። ጠበቃ ዘንድ ሲሄድ የሚጠየቀው ይሄንን ነው።

ገንዳውን ከመናቅ ይልቅ ውሉን እናስነብብ፤ ዋስ ሆነን የምንፈርመው እኛ ነንና። (በዕብራይስጥ የተጻፈውን ሳናውቅ ስንቴ ፈረምን!) በ2017 የወጣው የኪራይ ሕግ፣ ለአንድ ዓመት ውል በመያዣ የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ ወይም የባንክ ዋስትና ከ3 ወር ኪራይ አይበልጥም ይላል። መዋኛውም በነፃ አይደለም፤ ውሃው፣ ጽዳቱ፣ ጥገናው በየወሩ ቫድ ባይት ላይ ይመጣል። «ኪራዩ ስንት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ቫድ ባይቱስ?» በሉ፣ ደረሰኙንም አሳዩን በሉ።