የሕዝብ ሥራዎች ንድፍና የኢጣልያ አዲስ ሕግ

ድልድይም ሆነ መንገድ፥ ትምህርት ቤትም ሆነ የወደብ ግንብ፥ የመሠረቱ ድንጋይ ከመጣሉ በፊት አስቀድሞ በወረቀት ላይ የሚሠራ ነው። ከወረቀቱ የጎደለው ሁሉ ኋላ በገንዘብ፥ አንዳንድ ጊዜም በሰው ሕይወት ይከፈላል። የኢጣልያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በማርች 31 ቀን 2023 በቁጥር 36 ያወጣው የመንግሥት ውሎች ሕግም ከ229 አንቀጾቹ መካከል ክብደት ያላቸውን ለንድፍ ጉዳይ መስጠቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ሕጉ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ በ2024 ዓመት መጨረሻ ላይም በቁጥር 209 በወጣ ድንጋጌ ታርሟል። የኢጣልያ ተቋራጮች በአፍሪካ ቀንድ ታላላቅ ሥራዎችን የሚሠሩ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የዚህ አካባቢ ሹማምንትና ነጋዴዎችም ሊመለከቱት የሚገባ ነው።

ጥንቱን በዚያ አገር የሕዝብ ሥራ ንድፍ በሦስት ደረጃ ይሠራ ነበር፤ ይኸውም የመነሻ ንድፍ፥ የተወሰነ ንድፍና የአፈጻጸም ንድፍ ይባል ነበር። ይህን ሥርዓት ያቆመው በ1994 የወጣው ቁጥር 109 ሕግ ነው። ሕጉ የወጣበት ጊዜም ምክንያቱን ይናገራል፤ በ1992 በሚላኖ የተጀመረው የጉቦ ምርመራ የፖለቲካ ማኅበሮችንና ተቋራጮችን አንድ ላይ ያዋረደበት ዘመን ነበርና። ንድፉ ሳያልቅ ውል የሚዋዋል መንግሥት፥ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ለእያንዳንዱ ለውጥ አዲስ ዋጋ እንዲከፍል ይገደዳል፤ የለውጡ ሰበብ ደግሞ ለሌባ የተከፈተ በር ነው። ሦስቱ ደረጃዎች ያንን በር ለመዝጋት የተሠሩ መዝጊያዎች ነበሩ።

ነገር ግን በእያንዳንዱ ደረጃ የፈቃድ ጥያቄው፥ የመሥሪያ ቤቶች አስተያየትና የደብዳቤው መመላለስ እየተደጋገመ፥ አንድ መንገድ ከመቆፈሩ በፊት ዓመታት ያልፉ ጀመር። አዲሱ ሕግ በ41ኛው አንቀጹ መካከለኛውን ደረጃ ሠርዞ ሁለት ብቻ አስቀርቷል። የመጀመሪያው ሥራው የሚቻልና የሚጠቅም መሆኑን የሚያስረዳ ንድፍ ነው፤ ሁለተኛው የአፈጻጸም ንድፍ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ሥራው ቀለለ ብሎ ይደሰት ይሆናል፤ ቀለለ ማለት ግን አይደለም። ከመካከለኛው ደረጃ ይሠራ የነበረው አብዛኛው ምርመራ ወደ መጀመሪያው ተሸጋግሯል። ልዩ ልዩ አማራጮችን ማወዳደር፥ መሬቱን መመርመር፥ ከመሬት በታች የጥንት ቅርስ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥና ወጪውን መገመት ሁሉ ገና ከጅምሩ መጠናቀቅ አለባቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ንድፍ እንደ ድሮው የመነሻ ሐሳብ አድርጎ የሚያሠራ ሹም፥ ከሦስቱ ሁለቱን ሳይሆን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ከዚህ ጋራ የተያያዘውና ይበልጥ የሚያከራክረው ነገር፥ የአፈጻጸሙን ንድፍና ግንባታውን ለአንድ ተቋራጭ የሚሰጠው የተጣመረ ውል ነው። በ2016 የወጣው ሕግ በጠቅላላው ከልክሎት ነበር፤ በ2019 ክልከላው ለጊዜው ታግዶ፥ አዲሱ ሕግ በ44ኛው አንቀጽ መልሶ ፈቅዶታል። የሚደግፉት ሰዎች የጄኖቫን ድልድይ ይጠቅሳሉ። በኦገስት 14 ቀን 2018 አሮጌው ድልድይ ወድቆ 43 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፥ ሬንሶ ፒያኖ በሰጠው ሐሳብ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በኦገስት 2020 ተመርቋል። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ነገር ግን ያ ሥራ የተፈጸመው ከተለመደው ሕግ ውጭ እንዲሠራ ልዩ ሥልጣን በተሰጠው ኮሚሳር ነው፤ ዓይን ሁሉ ወደ እርሱ ያይ ነበር፥ የመሬቱም ጠባይ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ ለሁሉ መለኪያ ማድረግ አይገባም።

ለዚህ አካባቢ የሚቀርበው ምሳሌ የግልገል ጊቤ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። በ2004 የኢትዮጵያ መንግሥት ሥራውን ያለ ጨረታ ለኢጣልያው ለሳሊኒ ኩባንያ ሰጠ፤ ኢጣልያም 220 ሚሊዮን ኤውሮ አበደረች። ንድፉም ግንባታውም በአንድ ተቋራጭ እጅ ነበር። ውሃው የሚያልፍበት ዋሻ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በ2006 ዋሻውን የሚፈለፍለው መኪና ከተሰነጠቀ መሬት ደርሶ ጭቃ ወደ ኋላ ገፋው፤ ሥራውም ከታሰበው ጊዜ ዘገየ። በጃንዋሪ 2010 ከተመረቀ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ፤ ተጠግኖ እንደገና ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ኩባንያው ነገሩ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል የመሬት ሁኔታ ነው አለ፤ ተቺዎች ደግሞ የመሬቱ ምርመራ ከውሉ በፊት አልተሟላም ብለው ወቀሱ። ሁለቱም ወገኖች የሚሉት ቢመዘን፥ መሬቱን የመመርመር ዕዳ ከውሉ በፊት በአሠሪው እጅ ሊሆን የሚገባ መሆኑን ያስረዳል፤ ተቋራጩ ንድፍ አውጪም በሆነ ጊዜ በመሬቱ ላይ የሚጠራጠር ሰው ይጠፋልና።

የኢጣልያ ሕግ ለዚህ ያበጀው መከላከያ የንድፍ ማጣራት ነው። ንድፉን የሚያጣራው ሰው ያንኑ ንድፍ የሠራ፥ ሥራውን የሚመራ ወይም ሲያልቅ የሚረከብ ሊሆን አይችልም። በተጣመረ ውልም ጊዜ የአፈጻጸሙ ንድፍ ሳይጣራ ሥራ አይጀመርም። መከላከያው ደኅና ነው፤ ዋጋው ግን በሚያጣራው ሰው እውቀትና ነጻነት ይመዘናል።

ነጋዴውን የሚመለከተው ክፍል ይበልጥ ግልጽ ነው። የዋጋ ማሻሻያ አንቀጽ በውሉ ውስጥ መግባቱ ግዴታ ሆኗል፤ ከ2024 እርማት ወዲህ ለግንባታ ሥራ የዋጋው ለውጥ ከመቶ 3 ሲያልፍ፥ ካለፈው 90 በመቶው ይታሰባል። ተቋራጩ ከውሉ ዋጋ 20 በመቶ ቅድሚያ ይከፈለዋል፤ እስከ 30 ከፍ ሊል ይችላል። ብረትና ሲሚንቶ በድንገት ሲወደድ ሥራ ጥሎ ከመሸሽ ወይም ጥራት ከመቀነስ ይህ ይሻላል። ገንዘቡ ግን በበጀት ካልተያዘ አንቀጹ የሙግት ምንጭ ከመሆን አያልፍም።

ስለ ሹሙም አንድ ትንሽ የምትመስል ለውጥ አለች። ቀድሞ «ለሂደቱ ብቸኛ ኀላፊ» ይባል የነበረው ሰው አሁን «ለፕሮጀክቱ ብቸኛ ኀላፊ» ተብሏል። ቃሉን ለሚተረጉም ሰው አንዲት ቃል ናት፤ ለሹሙ ግን ፋይሉን በሥርዓት አሳልፌያለሁ ማለት አይበቃውም፥ ሥራው ቆሞ መታየት አለበት ማለት ነው። ሕጉም ውጤትን በመጀመሪያው አንቀጽ፥ እምነትን በሁለተኛው አስቀምጧል።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮም ዋጋቸው ከ2 ሚሊዮን ኤውሮ በላይ የሆኑ ሥራዎች ንድፋቸው ቢም በተባለው የኮምፒዩተር ዘዴ እንዲሠራ ታዟል። ኢጣልያ ግን ወደ 7,900 የሚጠጉ የከተማና የገጠር ማዘጋጃ ቤቶች አሏት፤ ብዙዎቹ ከ5,000 ያነሰ ሕዝብ ያላቸው ናቸው፥ ከእነርሱም መሐንዲስ ማግኘት የሚቸግራቸው አሉ። ስለዚህ ብቃቱን ያላስመሰከረ ማዘጋጃ ቤት ከ500,000 ኤውሮ በላይ የሆነ ሥራ በራሱ ማስጨረት አይችልም፤ ብቃት ባለው መሥሪያ ቤት በኩል ማስጨረት ይኖርበታል። በ2024ቱ እርማት ደግሞ ለመሐንዲሶች የሚከፈለው ዋጋ 65 በመቶው ሳይነካ እንዲቀመጥ፥ በጨረታ የሚወርደውም በቀሪው 35 ላይ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ይህም የታሰበው በርካሽ የተገዛ ንድፍ ኋላ ውድ እየሆነ ስለ ተገኘ ነው።